ዘይት የበዛበት ቀለም ለምን ከላይ ይቀባል?

በዘይት ቀለም ሥዕል፣ ዘይት የበዛበት ቀለም ዘይት ባነሰበት ላይ ይቀባ የሚለው ደንብ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የምንሠራውን ሠዓልያን ደጋግሞ ሲያደናግር ስላየሁ ባጭሩ ላስረዳ። የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ ሳይሆን በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር ነው፤ ስለዚህ ዘይት የበዛበት ንብርብር ዘግይቶ ይደርቃል። በላዩ ዘይት ያነሰበት ቀለም ከተቀባ፣ የላይኛው ቀድሞ ሲደርቅ የታችኛው ገና ይንቀሳቀሳልና ሥዕሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለምሳሌ የመጀመሪያውን ንብርብር በተርፐንታይን አቅጥኑት፤ ሁለተኛውን ከቱቦው እንደወጣ ቀቡት፤ ለመጨረሻው ጥቂት የተልባ ዘይት ጨምሩ። አደራ፣ ጥቂት ብቻ፤ ዘይት ሲበዛ ቀለሙ ይሸበሸባል፣ ወደ ቢጫነትም ያደላል። በንብርብር ለሚሠራ ሥዕል ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። የሚለያየው የመድረቂያው ጊዜ ነው፤ አምበር የሚባለው ቡናማ ቶሎ ሲደርቅ አይቮሪ ጥቁር ይዘገያል፣ በአዲስ አበባ ክረምት ቅዝቃዜ ደግሞ ሁሉም ይቆያል።