«አጥፍቼዋለሁ እኮ!»

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን አንድ ሞባይል ቤት ገብቼ አንዲት ልጅ ልትሸጠው ያሰበችውን ስልክ ይዛ ፎቶዎቿን አንድ በአንድ ስታጠፋ አየሁ። ስትጨርስ ስልኩን ከነሜሞሪ ካርዱ ለገዢው ዘረጋች። አላስቻለኝም። «እህቴ፣ ካርዱን አስቀሪው» አልኳት። «አጥፍቼዋለሁ እኮ!» አለችኝ። ብዙዎቻችን የምንለው ይህንኑ ነው።

«ካጠፋሁት የለም»

አለ። ፋይል ስናጠፋ የሚሰረዘው ፋይሉ የት እንዳለ የሚጠቁመው መዝገብ ነው። የቤት ቁጥሩ ከበሩ ተነቀለ እንጂ ዕቃው እቤት ውስጥ ነው። ሌላ ነገር እላዩ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም መዝገቡን ከነጭራሹ አይፈልገውም። የተለመደው የፎቶ ዓይነት፣ ጄፔግ፣ ሁሌም በታወቁ ባይቶች (የፋይል ትንንሽ ቁጥሮች) ስለሚጀምር፣ እነሱን እየተከተለ ፎቶውን ያወጣዋል። ፈጣን ፎርማትም ከዚህ አያድንም።

ሲምሰን ጋርፊንክል እና አብሂ ሼላት የተባሉ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ገዝተው ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙት። ከሚሠሩት 129 ዲስኮች በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ናቸው! ከሌሎቹ በአንዳንዶቹ ላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ሳይቀር ተገኝቷል።

«ሪሴት ካደረግኩት በቃ»

ሪሴት ማለት ስልኩን እንደ አዲስ ባዶ ማድረግ ነው፤ ማዳኑ ግን እንደ ስልኩ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች 21 ያገለገሉ አንድሮይድ ስልኮችን ሪሴት ካደረጉ በኋላ መረጃ አውጥተውባቸዋል። እነዚያ የድሮ ሥሪቶች ነበሩ። የአሁኖቹ መረጃውን መስጥረው፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። ሪሴት ሲደረጉ መክፈቻ ቁልፉ ይጠፋል፤ የቀረው ለማንም አይነበብም። ሜሞሪ ካርዱ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ልጅቷ በመጨረሻ ካርዷን አስቀረች። ገዢው ዋጋ ቀነሰባት፤ አልተከራከረችውም።

«ባለሙያ ካየው ሁሉም ይመለሳል»

ይህም ልክ አይደለም። እላዩ የተጻፈበት አይመለስም። ኤስኤስዲ የሚባለው የአዳዲስ ኮምፒውተሮች ዲስክ ደግሞ የጠፋውን አብዛኛውን ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ያጸዳዋል። ፎቶ በስህተት ያጠፋ ሰው ካርዱን ወዲያው ያውጣው፤ ሌላ ፎቶ አያንሳበት።

«ስክሪንሾት ማስረጃ ነው»

ይህኛው ኪስ ይጎዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾ የሚሸጥ ሰው «ብሩን ልኬያለሁ፣ ይኸው» ተብሎ የቴሌብር ስክሪንሾት ሊደርሰው ይችላል። ስክሪንሾት ሥዕል ነው። ስሙንም መጠኑንም ማንም በደቂቃዎች ይቀይረዋል። የዲጂታል መርማሪ ዋናውን ስልክ ይዞ ይቀዳና ቅጂው እንዳልተነካ በሃሽ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ መለያ ቁጥር ያረጋግጣል፤ አንዲት ፊደል ብትቀየር የሃሹ ቁጥር ሌላ ይሆናል። ማሾ ሻጩ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ጆንያው መኪና ላይ ሳይወጣ የራሱን ቴሌብር ከፍቶ ሂሳቡን ይይ።