ካውንቲ «ተመሠረተ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ያለው ፌርፋክስ ካውንቲ (ካውንቲ ማለት በግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ወረዳ ነው) በ1742 ተመሠረተ ሲባል ብዙዎች ከዚያ በፊት አካባቢው ሰው ያልነበረበት ይመስላቸዋል። የአገሬው ተወላጆች ከጥንት ጀምሮ ነበሩበት፤ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎችም ቀድመው ገብተዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዓመቱ የሚነግረን ሰው የሰፈረበትን ጊዜ ሳይሆን አካባቢው የራሱ ፍርድ ቤትና መዝገብ ያገኘበትን ነው።

እንግሊዞች ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስታውን የሰፈሩት በ1607 ነው። ቨርጂኒያ በ8 ካውንቲ የተከፈለችው ግን በ1634፣ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ሰፈራው ወደ ውስጥ በገፋ ቁጥር ፍርድ ቤቱ ይርቃል። በጭቃ መንገድ በፈረስ መመላለስ የሰለቸው ነዋሪ ለቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት አቤት ይላል፤ ምክር ቤቱም በሕግ ከነባሩ ካውንቲ ቆርሶ አዲስ ያቋቁማል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መሬቱ ወደ አዲሱ ካውንቲ ሲዞር የቀድሞው መዝገብ አብሮ አይሄድም፤ እናት ካውንቲው ዘንድ ይቀራል። ለምሳሌ ዛሬ ፌርፋክስ ውስጥ ያለ አንድ መሬት በ1725 ተሽጦ ቢሆን ውሉ የሚፈለገው ስታፎርድ ካውንቲ ነው። በ1735 ከሆነ ከስታፎርድ የተቆረሰው ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ፣ በ1745 ከሆነ ደግሞ ከፕሪንስ ዊልያም የተቆረሰው ራሱ ፌርፋክስ። መሬቱ ግን ንቅንቅ አላለም!

ይህ የቨርጂኒያ አሠራር ነው። በኮነቲከትና በሮድ አይላንድ የመሬት ውል የሚመዘገበው በካውንቲ ሳይሆን በከተማ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥም ቢሆን በእሳትና በጦርነት መዝገባቸው የጠፋ ካውንቲዎች አሉ።