ተንሳፈፈ፦ ትርጉሙና ሰዋስዋዊ አገባቡ

ተንሳፈፈ ሳይሰጥሙ በፈሳሽ ላይ፣ ሳይወድቁም በአየር ላይ መቆየትን፣ ብዙ ጊዜም ነፋስ ወይም ሞገድ በወሰደው መሄድን የሚገልጽ የአማርኛ ግሥ ነው። ከዋኘና ከቀዘፈ የሚለየው በጉልበት ነው፤ ዋናተኛ ራሱን ይገፋል፣ የሚንሳፈፈውን ግን ነፋስ ወይም ሞገድ ይገፋዋል። ቤትና ሥራ አጥቶ ከቦታ ቦታ ለሚዞር ሰው ተንከራተተ፣ መንገድ ለሳተ ጎማ ደግሞ ተንሸራተተ ይስማማል። አማርኛ እነዚህን ሁሉ በአንድ ግሥ አያጨናንቅም።

ከግሡ ጀርባ ሰፈፈ አለ፤ ቀልሎ ከፈሳሽ በላይ መውጣት ማለት ነው። ጠጅ ሲጣል ከማሩ ተለይቶ ላይ የሚቀረው ሰፈፍም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

«ንሳፈፈ» የሚባል ግሥ የለም፤ ቃሉ በኃላፊ ጊዜ ሁልጊዜ ተን ወይም አን ይዞ ይመጣል። አንዳንዶች ን የሥሩ ፊደል ናት ይላሉ። ሆኖም ከተንሳፈፈ ጎን ሰፈፈ፣ ከተንቀሳቀሰ ጎን ቀሰቀሰ፣ ከተንጠባጠበ ጎን ጠብታ፣ ከተንሸራተተ ጎን ሸርተቴ ያለ ን ቆመው ስለሚገኙ ቅጥያ መሆኗ አያጠራጥርም። ግእዝም አንገርገረ፣ አንሶሰወ፣ አንጸፍጸፈ የሚሉ ግሦች አሉት። ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ የን ግሦች ጋር ያላት ዝምድና ግን ምናልባት የሩቅ ሊሆን ይችላል።

ተንሳፈፈ መልኩ ተደራጊ ቢሆንም ባሕርዩ ተደራጊ አይደለም፤ «ቅጠሉ ተንሳፈፈ» ሲባል አንሳፋፊ መኖር የለበትም። ተሳቢ አይቀበልም፤ ቦታውን በ...ላይ ያሳያል፦ «ታንኳው በሐይቁ ላይ ተንሳፈፈ»። «ሐይቁን ተንሳፈፈ» ስሕተት ነው። ተሳቢ ሲያስፈልግ አንሳፈፈ ይገባል፦ «ልጁ የወረቀት ጀልባውን አንሳፈፈ»።

በእርባታ ተ ከመነሻ ቅጥያ ኋላ ትጠፋለች፦ ይንሳፈፋል፣ እንዲንሳፈፍ፣ መንሳፈፍ። አንሳፈፈ ደግሞ ያንሳፍፋል፣ ማንሳፈፍ ይላል። ስለዚህ በንባብ ሁለቱን የሚለየው የመነሻው ፊደልና የመጀመሪያው ፈ ወይም ፍ ነው፤ «ያንሳፈፋል» ብሎ መጻፍ ሁለቱን ማደባለቅ ነው። በኃላፊና በትንቢት ከሳ ቀጥላ የምትመጣው ፊደል ትጠብቃለች። በቦዝ አንቀጽ (ተንሳፍፎ) ግን ፍና ፎ ያለ አናባቢ ስለሚገጥሙ ጆሮ የሚሰማው አንድ የጠበቀ ፎ ብቻ ነው፤ «ተንሳፎ» የሚለው አጻጻፍ የመጣው ከዚህ ነው። ሥሩን የሚያከብረው ተንሳፍፎ ነው። ባለቤቱ አንደኛ መደብ ሲሆን ተንሳፍፌ ይሆናል።

ስም ሲወጣለት መጓደል ይታያል። ተንቀሳቀሰ እንቅስቃሴን፣ ተንከባከበ እንክብካቤን፣ ተንገላታ እንግልትን ሰጥተዋል፤ ከተንሳፈፈ ግን በዚህ መልክ የተለመደ ስም አልወጣም፣ መንሳፈፍ ይበቃዋል። ቅጽሉ ተንሳፋፊ ሰፊ ሥራ አለው፦ ተንሳፋፊ ድልድይ፣ ጣናን የወረረው ተንሳፋፊ አረም እንቦጭ። በኢኮኖሚ ቋንቋ ደግሞ የምንዛሪ ዋጋን ለገበያ መልቀቅ «ማንሳፈፍ» ይባላል፤ ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ላይ ወደተመሠረተ ሥርዓት ስትሻገር «ብር ተንሳፈፈ» የሚለው አነጋገር ከባለሙያ ጽሑፍ ወጥቶ በየሰዉ አፍ ገባ።

በመዝገበ ቃላት ቃሉን በተ ሥር ፈልጎ ማጣት የተለመደ ነው። እንደ አዘጋጁ አሠራር በሰፈፈ ወይም በአንሳፈፈ ሥር ይገኛል።