ባሕረ ሐሳብ ምንድን ነው? የፋሲካን ቀን በእርሳስና በወረቀት ማውጣት

ባሕረ ሐሳብ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የምታወጣበት ስሌት ነው። መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ ነነዌ መቼ እንደምትገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል የሚታወጀው ይህ ተሠርቶ ነው። ብዙ ሰው የሊቃውንት ምሥጢር ነው ብሎ ይተወዋል እንጂ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሰው አስቸጋሪ አይደለም። እግረ መንገዱንም ወዳጆችን የሚያስደንቅ ጨዋታ ይገኝበታል፤ የተወለዱበትን ቀን ሲነግሩህ ዕለቱን ትነግራቸዋለህ።

መነሻው ዓመተ ዓለም ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል። ይህ ከአዳም እስከ ክርስቶስ የተቆጠረው ዘመን ሲሆን ዓመተ ፍዳ ይሉታል። 2018 ዓ.ም.ን ብንወስድ 7518 ይሆናል።

7518ን ለ4 ስናካፍል 1879 ይደርስና 2 ይተርፋል። ትራፊው ወንጌላዊውን ይናገራል፦ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። የደረሰው 1879 ደግሞ መጠነ ራብዒት ይባላል። ከመጀመሪያው ዓመት እስከዚህ ድረስ ጳጉሜን ስንት ጊዜ 6 ቀን እንደሆነች የሚቆጥር ቁጥር ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው።

አሁን ዓመተ ዓለሙንና መጠነ ራብዒቱን ደምረን ለ7 እናካፍላለን። 7518 ሲደመር 1879፣ 9397። ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት የምናገኘው ከዚህ ነው፦ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ያለ ትራፊ ሰኞ። የ2018 አዲስ ዓመት ሐሙስ ዋለ ማለት ነው። መደመሩ ለምን እንደሚሠራ ግልጽ ነው። 365 ቀን 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለሆነ እያንዳንዱ ዓመት ዕለቱን በአንድ ይገፋዋል፣ ጳጉሜን 6 በሆነች ቁጥር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ይገፋል።

ቆጠራው ከማክሰኞ መጀመሩ ብዙ ጀማሪ ያሳስታል፤ እሑድን 1 ብሎ የጀመረ ሁሉ መልሱ ይዛባበታል። ሊቃውንቱ ዓለም መፈጠር የጀመረችው እሑድ መጋቢት 29 ነው ይላሉ። ከዚያ ወደ ኋላ 208 ቀን ሲቆጠር የዚያ ዓመት መስከረም 1 ማክሰኞ ላይ ይወድቃል። ማክሰኞን ጥንተ ቀመር፣ እሑድን ጥንተ ዕለት የሚሏቸው በዚህ ነው።

ለጨዋታው የሚሆነው ክፍል እዚህ ላይ ነው። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ (4 ሳምንትና 2 ቀን) በእያንዳንዱ ወር ዕለቱ በ2 ይገፋል። የማንኛውንም ቀን ዕለት ለማወቅ ከመስከረም 1 ዕለት ተነስቶ ያለፉትን ወራት በ2 ማባዛት፣ ከቀኑ 1 ቀንሶ መጨመር፣ ድምሩን በ7 መግደፍ (ለ7 አካፍሎ ትራፊውን መያዝ) ነው። በዓድዋ ድል እንሞክረው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ዓመተ ዓለሙ 7388፣ መጠነ ራብዒቱ 1847፣ ድምሩ 9235፣ ለ7 ሲካፈል ትራፊው 2፤ መስከረም 1 ረቡዕ ነበር። ከየካቲት በፊት 5 ወር አልፏል፣ በ2 ሲባዛ 10። ከ23 አንድ ሲቀነስ 22። ድምሩ 32፣ በ7 ሲገደፍ 4 ይቀራል። ከረቡዕ አራት ቀን ወደፊት ሲቆጠር እሑድ። ዓድዋ የተዋጉት እሑድ እንደነበር ታሪኩ የሚያውቀው ነው።

የልደት ቀኑን በፈረንጅ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ ወደ እኛ መመለስ አለበት። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጅ ታኅሣሥ መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከፈረንጅ ጥር 1 ጀምሮ 8 ዓመት መሆኑ ሲረሳ ስሌቱ በአንድ ዓመት ይስታል፤ ጨዋታውን በብዛት የሚያበላሸው ይኸው ነው።

ወደ ፋሲካ እንመለስ፤ እዚህ ጨረቃ ትገባለች። 12 የጨረቃ ወር በግምት 354 ቀን ነው፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል። ይህ 11 እየተጠራቀመ ሲሄድ ጨረቃና ፀሐይ ተመልሰው የሚገናኙት በየ19 ዓመቱ ነው። የአቴናው ሜቶን በ432 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ያስተዋወቀው ዑደት ነው፤ በእኛ ንዑስ ቀመር ይባላል።

ስለዚህ 7518ን ለ19 እናካፍላለን፤ 395 ይደርስና 13 ይተርፋል። ከ13 አንድ ይቀነሳል። «አሐደ አእትት ለዘመን» የሚባለው ይህ ነው፤ የያዝነው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ አይቆጠርም። የቀረው 12 ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይወጣል፦ 12 ሲባዛ በ11፣ 132፤ 120 ሲነሳለት 12። ወንበርም አበቅቴም 12 መሆናቸው ግራ አያጋባ፤ ወንበር ለ3 እኩል ሲካፈል ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ በሌሎቹ ዓመታት ይለያያሉ። ወንበር በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ ይገኛል፦ 228፣ 210 ሲነሳለት 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። 30 ካልመጣ ከዚህ በላይ መሄድ ድካም ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማካፈሉን መፈተሽ ይሻላል።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ (ቁጥሩ የሚያመለክተው ቀን) መስከረም ውስጥ፣ ካነሰ ጥቅምት ውስጥ ይውላል። 14 ራሱ ቢሆንስ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ከ19ኙ ወንበሮች በአንዱም 14 አይወጣም። የ2018 መጥቅዕ 18 ስለሆነ መስከረም 18 ነው። መስከረም 1 ሐሙስ ከነበረ መስከረም 18 እሑድ ነው። ቀጥሎ የዕለት ተውሳክ (እንደ ዕለቱ የሚጨመር ቁጥር) ይመጣል፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። መጥቅዕ 18 ከእሑድ ተውሳክ 7 ጋር 25 ይሆናል። ይህ መባጃ ሐመር ነው፤ የዓመቱ ተንቀሳቃሽ በዓል ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚህ አንድ ቁጥር ላይ ነው።

ተውሳኩ በቃል ብቻ ሲያዝ ትርጉም የለሽ ይመስላል፤ ሥራው ግን ቀላል ነው። ከመስከረም እስከ ጥር፣ ከጥቅምትም እስከ የካቲት 120 ቀን ስለሆነ ዕለቱ በአንድ ይገፋል። ተውሳክ ከዚያ ላይ ተነስቶ ነነዌን ሰኞ ላይ ያሳርፋታል። ቅዳሜ 1 መሆን ሲገባው ለምን 8 ሆነ? መጥቅዕ ቅዳሜ ከዋለ ከ190 ቀን በኋላ የሚመጣው የአይሁድ ፍሥሕ እሑድ ይውላል። ፋሲካ ከፍሥሕ ጋር በአንድ ቀን እንዳይሆን ወደሚቀጥለው እሑድ ይሸጋገራል። ያችን ሳምንት የሚጨምረው 8 ነው።

መጥቅዕ መስከረም ውስጥ ከሆነ ነነዌ ጥር ላይ፣ ጥቅምት ውስጥ ከሆነ የካቲት ላይ ናት። በ2018 ነነዌ ጥር 25 ነች። ሌሎቹ በዓላት የራሳቸውን ተውሳክ በመባጃ ሐመር ላይ ይጨምራሉ፦ ዐቢይ ጾም 14፣ ደብረ ዘይት 11፣ ሆሣዕና 2፣ ስቅለት 7፣ ትንሣኤ 9፣ ርክበ ካህናት 3፣ ዕርገት 18፣ ጰራቅሊጦስ 28፣ ጾመ ሐዋርያት 29፣ ጾመ ድኅነት 1። ከ30 ካለፈ 30 ተነስቶ ወሩ ይዞራል። 25 ሲደመር 9፣ 34፤ 30 ሲነሳ 4፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ወሩን ለማጣራት ፋሲካ ከነነዌ በ69ኛው ቀን መሆኑን መያዝ ይበቃል። ስሌቱ ከመጋቢት 26 በፊት ወይም ከሚያዝያ 30 በኋላ ከሰጠ ስሕተት አለበት፤ ፋሲካ ከእነዚህ ድንበሮች አይወጣም።

ከሁሉ በላይ የሚያሰናክል አንድ ሁኔታ አለ፤ መጥቅዕ መስከረም ውስጥ ሆኖ መባጃ ሐመር ከ30 ሲያልፍ። 2017ን እንይ። መጥቅዕ 29፣ መስከረም 29 ረቡዕ፣ ተውሳኩ 4፣ ድምሩ 33። 30 ሲነሳ 3 ይቀራል፤ ነነዌ ጥር 3 ናት የሚል ሰው ብዙ ነው። ድምሩ ወሩን ስለተሻገረ ግን ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ነበሩ። ሌላው ለ19 ሲካፈል 1 ሲተርፍ ነው፤ ለምሳሌ በ2006። ያኔ ወንበር ባዶ ይሆናል። መጥቅዕም ባዶ ከመባል 30 ይባላል፣ መስከረም 30 ማለት ነው። ምንም ሳይተርፍ እኩል ከተካፈለ ደግሞ ትራፊውን 19 ብሎ ወንበሩን 18 ማድረግ ነው።

ወንበር 19ን ጨርሶ ወደ ባዶ ሲመለስ አበቅቴ በ11 ምትክ በ12 ይዘላል። 19 ጊዜ 11፣ 209 ነው፤ ሰባት ሙሉ ወር ለመሙላት አንድ ቀን ይጎድለዋል፣ ያችም ቀን እዚያ ላይ ትገባለች። ሠንጠረዥ ራሱ ለሚሠራ ሰው ይህን አለማወቅ ከ20ኛው መስመር ጀምሮ ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ያበላሻል።

የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት ከ28 ዓመቱ የፀሐይ ዑደት ጋር ሲባዛ 532 ዓመት ይሆናል፤ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። ከ532 ዓመት በኋላ በዓላቱ በዕለትም በቀንም ተመልሰው ይመጣሉ። ከ2018 ላይ 532 ሲቀነስ 1486 ነው፤ በዐፄ እስክንድር ዘመን መጨረሻ ፋሲካ እንደ 2018ቱ ሚያዝያ 4 ተከብሯል። የ1486 የፋሲካ ሠንጠረዥ የተጻፈበት ብራና ቢገኝ ለ2018 ያለ እርማት ያገለግል ነበር።

የስሌቱን አባት ትውፊት የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ነው ይላል። ከፈረንጆች ጋር ያለን የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት የመጣውም ከእስክንድርያ ነው። በ5ኛው መቶ ዘመን መባቻ የነበረው መነኩሴ አንያኖስ የክርስቶስን ልደት 5500 ዓመት ካለፈ በኋላ አስቀመጠ። ሮም የነበረው ዲዮናስዮስ በ525 በራሱ መንገድ ቆጥሮ ሌላ ዓመት አወጣ። እኛ በአንያኖስ፣ ምዕራቡ በዲዮናስዮስ ጸንተናል።

ስሌቱ ፍጹም ነው የሚል ካለ ሰማዩ አይደግፈውም። ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ አድርጎ ስለሚወስድ ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል፤ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። ጨረቃውም በየ308 ዓመቱ ገደማ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። በ2016 በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ጎረቤቶቻቸው ፋሲካን ካከበሩ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ የፈሰኩት በሁለቱ መንሸራተቶች ምክንያት ነው። በዓመቱ፣ በ2017፣ ደግሞ ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ ቀን ዋሉ።

ከሁሉ ለወሬ የሚመቸው የገና ጉዳይ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይከበራል፣ በሌሎቹ ሦስት ዓመታት ታኅሣሥ 29። ከፅንሰት (መጋቢት 29) እስከ ልደት 275 ቀን ነው፦ ዘጠኝ ሙሉ ወርና 5 የጳጉሜን ቀን። ዮሐንስ ከመግባቱ በፊት ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ቆጠራው በአንድ ቀን ቀደም ብሎ ይሞላል። በፈረንጅ ሲታይ ያም ሆነ ይህ ጃንዋሪ 7 ነው።

ይህ ጃንዋሪ 7 ግን ዘላለማዊ አይደለም። ፈረንጆች በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ስላላደረጉ ልዩነቱ ከ12 ወደ 13 ቀን ከፍ ብሏል። የዓድዋ ጦርነት በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ተደርጎ ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ የሚውለው ለዚህ ነው። ስልክ ላይ ያሉ አንዳንድ ቀን መቀየሪያዎች ከ1900 በፊት ላለው ቀንም 13ን ስለሚጠቀሙ በአንድ ቀን ይስታሉ፤ የካቲት 23 ቀን 1888ን አስገብቶ መፈተን ይቻላል። በ2100ም ፌብሩዋሪ 28 ላይ ስለሚያበቃ የ2093 ዓ.ም. መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12፣ ገናውም ጃንዋሪ 8 ይሆናል።