ቅንጅት ከግንቦት 1997 ምርጫ በኋላ፦ ያልተጠበቀ ድልና የፓርቲው ዕጣ

ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ፣ በሕዝብ አፍ «ቅንጅት»፣ በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅን፣ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግና ቀስተ ደመና የተባሉ አራት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ለምርጫ ብለው የፈጠሩት ጥምረት ነው። በወራት ዕድሜው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን፣ ከተማዋ በተወካዮች ምክር ቤት ካላት 23 ወንበር ደግሞ አንድም ሳያስቀር አሸነፈ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ መሪዎቹ ስሙም ምልክቱም በእጃቸው አልነበረም።

ከዚያ በፊት የነበሩት የ1987 እና የ1992 ምርጫዎች ለተቃዋሚዎች ያስገኙት ከጥቂት ወንበር አይበልጥም።

ድሉ እንዴት መጣ

በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተላለፉት ክርክሮች ለተቃዋሚዎች እስከዚያ ያላገኙትን መድረክ ሰጡ። ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግ በመስቀል አደባባይ ሰልፍ በጠራ ማግስት፣ ሚያዝያ 30፣ ቅንጅት እዚያው አደባባይ ከተማዋ አይታ የማታውቀውን ሕዝብ አሰለፈ። የምርጫ ምልክቱ ሁለት የተቀሰሩ ጣቶች መሆናቸውም ቀላል ነገር አልነበረም። ማንበብ ለማይችል መራጭ ፓርቲው ማለት ምልክቱ ነው፤ የኢሕአዴግን ምልክት ንብን ለማሳየት ፖስተር ያስፈልጋል፣ ሁለት ጣት ግን በየታክሲው መስኮት በነፃ ይታያል።

የወቅቱ ከንቲባ አርከበ እቁባይና አፈ ጉባኤው ዳዊት ዮሐንስ ከተሸናፊዎቹ መካከል ነበሩ።

ቆጠራና አቤቱታ

ምርጫው በተካሄደበት ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰልፍ ለአንድ ወር እንዲታገድ አዘዙ። ወደ 300 በሚጠጉ የምርጫ ክልሎች ላይ አቤቱታ ቀረበ። አጣሪ ቡድኖቹ ሦስት ሦስት አባላት ነበሯቸው፦ አንድ ከምርጫ ቦርድ፣ አንድ ከአቤቱታ አቅራቢው ፓርቲ፣ አንድ ከተከሳሹ። ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ስለነበር የቦርዱ ተወካይ ያዘነበለበት ወገን ያሸንፋል። አቤቱታ የሚቆመው በምስክርና በሰነድ ነው፤ በገጠር ብዙ ጣቢያዎች ግን ተቃዋሚዎቹ ታዛቢ አላቆሙም፣ ያቆሙባቸውም ቦታዎች ላይ «ታዛቢዎቻችን ተባረሩብን» ይላሉ። የየጣቢያው የውጤት ቅጂ በሌለበት ክርክሩ የአንዱ ቃል በሌላው ቃል ላይ ሆኖ ይቀራል።

በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ድጋሚ ምርጫ ተደረገ፣ የሶማሌ ክልልም በዚያው ቀን መረጠ። በመጨረሻው ይፋዊ ውጤት ከ547 ወንበር ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት ኅብረት 52 አገኙ። ቅንጅት ውጤቱ ተሰርቋል ባለበት ጸና፤ ኢሕአዴግ አስተባበለ። ተቃዋሚዎቹ በአገር ደረጃ አሸንፈው ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የአዲስ አበባው ውጤት ግን አያከራክርም።

መግባት ወይስ አለመግባት

ድሉ ያመጣው ዋናው ፈተና በተመረጡበት ምክር ቤት መግባት ወይም አለመግባት ነበር። ርክክቡ ሳይደርስ ሜዳው ተቀየረ፦ በምክር ቤቱ አጀንዳ ለማስያዝ የ20 አባላት ድጋፍ ይበቃ የነበረው ወደ 51 በመቶ ከፍ አለ፤ የኦሮሚያ ክልል መቀመጫም ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ በሰኔ ተወሰነ። ከንቲባ እንዲሆን የተመረጠው ብርሃኑ ነጋ ይረከበው የነበረው አስተዳደር ሕዝቡ ድምፅ የሰጠበት አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ቅንጅት ከምርጫ ቦርድ ገለልተኝነት እስከ ነፃ ሚዲያ የሚደርሱ ስምንት ነጥቦችን አቅርቦ ምላሽ ካላገኘ ምክር ቤት እንደማይገባ አስታወቀ። እምቢታው ለሕዝብ ድምፅ የመታመን አቋም ነበር፤ ዋጋው ግን ወዲያው ተከፈለ። በ1998 መጀመሪያ ምክር ቤቱ ያልገቡትን ሰዎች ያለመከሰስ መብት አነሳ፣ በጥቅምት መጨረሻ መሪዎቹ ታሰሩ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሳው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች እንደሞቱ አጣሪ ኮሚሽኑ አረጋግጧል። ከተማዋ በብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባላደራ አስተዳደር ስትተዳደር ቆየች።

ከውስጥ ደግሞ ጥምረቱ ወደ አንድ ፓርቲ ሲዋሐድ ኢዴአፓ-መድኅን አልተዋሐደም። ከኢዴአፓ-መድኅኑ ልደቱ አያሌው ጋር የተነሳው ጠብ የማን ጥፋት እንደሆነ ሁለቱም ወገን ለየራሱ ይተርካል። ምርጫ ለማሸነፍ የበቃው ስምምነት የጋራ መዝገብ፣ የጋራ ገንዘብና የወረዳ መዋቅር አልነበረውም፤ መሪዎቹ ሲታሰሩ የሚተካቸው እርከን የጠፋው ለዚህ ነው።

መሪዎቹ በዕድሜ ልክ እስራት ተቀጥተው ሐምሌ 13 ቀን 1999 በይቅርታ ተፈቱ። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለአየለ ጫሚሶ ቡድን ሰጠ። በዚያው ዓመት በተደረገው የአዲስ አበባ ምርጫ ኢሕአዴግ ከ138 መቀመጫ 137ቱን ወሰደ።

ተሸናፊው የተማረው

በአዲስ አበባ ተሸንፎ የነበረው ኢሕአዴግ አባላቱን ከ1 ሚሊዮን በታች ወደ 4 ሚሊዮን አካባቢ አሳደገ፣ የቀበሌ ምክር ቤቶችን ወደ 300 አባላት አሰፋ። የበጎ አድራጎት ማኅበራትና የፀረ ሽብር አዋጆች በ2001 ዓ.ም. ጸደቁ። በ2002 ምርጫ በተወካዮች ምክር ቤት ከአንድ የመድረክ (የተቃዋሚዎች ጥምረት) አባልና ከአንድ የግል ተመራጭ በስተቀር የተረፈ ተቃዋሚ የለም።

ከቅንጅት የወጡት መንገዳቸው ተለያየ። ብርቱካን ሚደቅሳ አንድነት ፓርቲን መርታ ዳግም ታሰረች፤ በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። ብርሃኑ ነጋ የምርጫውን ቀን ስም ያደረገውን የግንቦት 7 ንቅናቄ በውጭ አገር መሠረተ፣ በኋላም የኢዜማ ፓርቲ መሪ ሆነ። ኢዜማ በ2013 ምርጫ 4 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር አገኘ፤ ብርሃኑም የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ።