የፒያኖ ሥራዎች «ኦፐስ» ቁጥር ምን ይነግረናል?

«ኦፐስ» ለአንድ የሙዚቃ ደራሲ ሥራዎች የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው። በኮንሰርት ፕሮግራም ላይ «ሾፓን፣ ኖክተርን፣ ኦፐስ 9 ቁጥር 2» ሲል፣ ኦፐስ 9 አብረው የታተሙ የሙዚቃ ደራሲው የሾፓን ሦስት ኖክተርኖች (የሌሊት ስሜት ያላቸው የፒያኖ ሥራዎች) ናቸው፤ የምትሰሙት ሁለተኛውን ነው። ኦፐስ 28 ደግሞ 24 ፕሬሉዶችን (አጫጭር የፒያኖ ሥራዎችን) ይዟል።

ብዙ አድማጭ የሚሳሳተው ቁጥሩን የድርሰት ቅደም ተከተል አድርጎ ሲወስድ ነው። በአብዛኛው የሚከተለው ኅትመትን ነው። ሾፓን «ሁለተኛ» የሚባለውን የፒያኖ ኮንቸርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) የጻፈው ከ«አንደኛው» በፊት ነው፤ ግን አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1833፣ ሁለተኛው በ1836 ስለታተሙ ተገለባበጡ። ከሁሉ የሚያሳስተው ኦፐስ 66 ነው። ይህን «ፋንታሲ ኢምፕሮምፕቱ» የተባለ የፒያኖ ሥራ በ1834፣ ገና በ24 ዓመቱ ገደማ ደረሰው፤ ሳያሳትመው በ1849 ሞተ። ወዳጁ ዩልያን ፎንታና በ1855 ሲያወጣው ያን ትልቅ ቁጥር አገኘ። የወጣትነት ሥራ ነው፤ እንደዚያው ስሙት።

በሌላው የሙዚቃ ደራሲ በሹበርት ሥራዎች ላይ «ዲ» የሚል ቁጥር ካያችሁ ግን የሙዚቃ ተመራማሪው ኦቶ ኤሪክ ዶይች በድርሰት ዘመናቸው የደረደረው ነውና ለጊዜ ቅደም ተከተል ከኦፐሱ ይልቅ እሱን እመኑ።