የቤት ጥገና ሥራ ተቋራጮች ድረ ገጽ በአሜሪካ

በአሜሪካ የቤት ጥገና ሥራ ተቋራጭ የሚባለው የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ፣ የጣሪያ፣ የቀለም ወይም የእድሳት ሥራን በመኖሪያ ቤት ውስጥ በውል ተቀብሎ የሚሠራ ግለሰብ ወይም ድርጅት ነው። የዚህ ሙያ ድረ ገጽ ከሱቅ ድረ ገጽ የሚለየው ደንበኛው አይቶና መርጦ የሚገዛው ዕቃ ስለሌለ ነው። ለሽያጭ የሚቀርበው ገና ያልተሠራ ሥራ ሲሆን፣ ገዢው ደግሞ ፈጽሞ የማያውቀውን ሰው እጓዳው ድረስ ማስገባት ይኖርበታል። በዚህም ምክንያት ድረ ገጹ ከማስታወቂያነቱ ይልቅ የማስረጃነቱ ጠባይ ያመዝናል፤ ጥሩ የሚባሉትም ባለሙያው እውነተኛ መሆኑን ሌላ ሰው ሊያጣራው በሚችል መንገድ የሚያሳዩት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንተርኔት ከመስፋፋቱ በፊት ሥራ የሚገኘው በጎረቤት ምስክርነት፣ በመኪና ጎን ላይ በተጻፈ ስልክ ቁጥርና በቢጫ ገጽ የስልክ ማውጫ ነበር። ማውጫው በፊደል ተራ ስለሚዘረዝር ከፊት ለመገኘት ሲሉ የድርጅታቸውን ስም «ኤ» በሚለው ፊደል ደጋግመው የሚጀምሩ ተቋራጮች ጥቂት አልነበሩም። ከዚያ ደንበኛንና ባለሙያን በኢንተርኔት የሚያገናኙ ድርጅቶች መጡ፤ በ1995 አንጂስ ሊስት፣ በ2004 የልፕ፣ በ2008 ደግሞ ተምታክ ተመሠረቱ። ከእነዚህ አገናኝ ድርጅቶች አንዳንዶቹ የአንድን ደንበኛ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ለብዙ ተቋራጮች ስለሚሸጡ፣ ባለሙያው ከፍሎ ያገኘውን ስልክ ቁጥር ለመደወል ከሌሎች ጋር ይሽቀዳደማል። የራስ ድረ ገጽ ተፈላጊነት የጨመረበት አንዱ ምክንያት በእሱ በኩል የሚመጣው ደዋይ ለሌላ ስለማይሸጥ ነው።

የማስረጃው መነሻ የሥራ ፈቃድ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው በፌደራል መንግሥት ሳይሆን በየክፍለ ግዛቱ፣ አንዳንዴም በከተማው ስለሆነ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በካሊፎርኒያ ፈቃድ የሚሰጠው በ1929 የተቋቋመው የተቋራጮች ፈቃድ ቦርድ ሲሆን፣ ባለፈቃዱ ቁጥሩን ድረ ገጽን ጨምሮ በማናቸውም ማስታወቂያው ላይ የማስፈር ግዴታ አለበት። ያለ ፈቃድ ሊሠራ የሚችለው አነስተኛ ሥራ የዋጋ ገደብ ለረጅም ጊዜ 500 ዶላር ሆኖ ከቆየ በኋላ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ 1,000 ዶላር ከፍ ብሏል፤ ይህም ሥራው የግንባታ ፈቃድ የማያስፈልገውና ቅጥር ሠራተኛ የማይሳተፍበት ሲሆን ነው። በዚያው ክፍለ ግዛት ለእድሳት ሥራ ሊጠየቅ የሚችለው ቀብድ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው መብለጥ አይችልም። በሜሪላንድ ደግሞ የቀብዱ ገደብ የውሉ ዋጋ አንድ ሦስተኛ ነው። ከ1978 በፊት በተሠሩ ቤቶች ቀለም የሚነካ እድሳት የሚያካሂድ ድርጅት ከፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የእርሳስ (ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት) ቀለም ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ይጠየቃል። «ፈቃድ ያለን፣ ዋስትና ያለን፣ ኢንሹራንስ ያለን» የሚለው ሐረግ በሁሉም ዘንድ ስለሚገኝ ብቻውን ለአንባቢው የሚነግረው ነገር የለም። ቁጥሩን ጽፎ ክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ወደሚያረጋግጥበት ገጽ የሚያደርስ ማያያዣ ማስቀመጥ ግን ደንበኛው በደቂቃ ውስጥ ራሱ እንዲያጣራ ያስችለዋል። የቀብዱን ሕግ በግልጽ መጻፍም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው የቤት ባለቤት ገደብ መኖሩን ስለማያውቅ ከተቋራጩ መስማቱ ያስደንቀዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስልክ ነው። ሌሊት ቧንቧ የፈነዳበት ሰው በአንድ እጁ ባልዲ፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ስለሆነ ድረ ገጹን የሚከፍተው፣ ቁጥሩ ከገጹ አናት ላይ ሲነካ በሚደውል መልክ መቀመጥ አለበት፤ በፎቶ ውስጥ የተቀረጸ ቁጥር ሲነካ አይደውልም። የመጠየቂያ ቅጽ ከስም፣ ከስልክ፣ ከዚፕ ኮድ (የአካባቢው የፖስታ ቁጥር)፣ ከችግሩ አጭር መግለጫና ፎቶ መላኪያ ባይበልጥ ይመረጣል። ጎግልም ድረ ገጾችን በቅድሚያ በሞባይል ገጽታቸው መመዘን የጀመረ ሲሆን፣ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ይህን መስፈርት ብዙውን ጊዜ የሚያሰናክለው ሳይጨመቅ የተጫነ ትልቅ ፎቶ ነው።

በጎግል የአካባቢ ፍለጋ ውጤትን የሚወስኑት ተዛማጅነት፣ ርቀትና ታዋቂነት መሆናቸውን ኩባንያው ራሱ ይገልጻል። ርቀትን ማንም ሊለውጠው አይችልም። ሱቅ የሌለው ተቋራጭ በጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል (ድርጅቱ በጎግል ፍለጋና ካርታ ላይ የሚታይበት ገጽ) ላይ የመኖሪያ አድራሻውን ሸሽጎ እስከ 20 የሚደርሱ የአገልግሎት አካባቢዎችን ማስመዝገብ ይችላል፤ ስሙና ስልኩም ከድረ ገጹ ጋር አንድ ዓይነት መሆን ይገባቸዋል። በድረ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት የራሱን ገጽ መስጠት ጠቃሚ ነው፤ የውኃ ማሞቂያ ቅየራን የሚፈልግ ሰው ስለ ፍሳሽ መዘጋት ማንበብ አይፈልግምና። አንድን ጽሑፍ የከተማውን ስም ብቻ እየለወጡ በሃምሳ ገጽ ማባዛት ግን ጎግል እንደ ማጭበርበር የሚቆጥረው አሠራር ነው። በአካባቢው በእርግጥ የተሠራ ሥራ ፎቶ፣ የፈጀው ቀንና ያጋጠመው ችግር ቢጻፍበት ግን ገጹ የራሱ ይዘት ይኖረዋል። ፎቶው በባለቤቱ ፈቃድ የተነሣና የቤቱ ቁጥር የማይታይበት መሆን አለበት።

ዋጋ መጻፍ ያከራክራል። ብዙ ተቋራጮች ቤቱ ሳይታይ ዋጋ አይነገርም ይላሉ፤ እውነትም አላቸው። ሆኖም የመምጫና የማያ ክፍያን፣ ከሥራው ዋጋ ላይ የሚቀነስ መሆን አለመሆኑን፣ እንዲሁም ዋጋን የሚያንሩትን ምክንያቶች መግለጽ ስለሚቻል ሙሉ ዝምታው አሳማኝ አይደለም።

የደንበኞች አስተያየት ከ2024 ወዲህ የሕግ ጉዳይም ሆኗል። የፌደራል ንግድ ኮሚሽን በኦክቶበር 21 ቀን 2024 ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ የሐሰት አስተያየት መጻፍን፣ ማጻፍንና መግዛትን፣ ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ማንነቱን ሳይገልጽ ስለ ራሱ ድርጅት መመስከሩን ይከለክላል፤ በገንዘብም ያስቀጣል። የዘመድ ወዳጅ ምስክርነት ደርድሮ ሥራ መጀመር እንደ ቀላል ነገር ለሚታያቸው ይህ ሊታወቅ ይገባል።

በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባች ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የአማርኛ ገጽ ትርጉም አለው። የዲሲ ከተማ ራሱ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕጉ መሠረት የመንግሥት ሰነዶችን በአማርኛም ያቀርባል። የተለመደው ስሕተት አማርኛውን ለበራሪ ወረቀት እንደተሠራ ምስል አድርጎ መለጠፍ ነው፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ በፍለጋ በቀላሉ አይገኝም፣ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት አንባቢ ፕሮግራምም አያነበውም። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በአንድ ዓይነት መንገድ የሚለዩበት ሥርዓት) ውስጥ ስላለ በተለመደው የስልክ ኪቦርድ መጻፍ ይበቃል። በአሮጌ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ ግን ተገልብጦ ቢለጠፍ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል። የአማርኛው ገጽ የእንግሊዝኛውን ያህል የተሟላ ሆኖ የፈቃድ ቁጥሩንና የውል ሁኔታዎቹን መያዝ አለበት፤ ውሉ የሚፈረመው በእንግሊዝኛ ከሆነም ያንኑ መግለጽ ተገቢ ነው።

ተቋራጮች ዘግይተው የሚያስቡበት ጉዳይ የባለቤትነት ነው። የድረ ገጹ አድራሻ ወይም ዶሜይን፣ የሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ሒሳብና የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይሉ በዲዛይነሩ ኢሜይል ከተመዘገቡ፣ በሁለቱ መካከል አለመግባባት ሲፈጠር ለዓመታት የተጠራቀመው አስተያየትና የፍለጋ ደረጃ በሌላ ሰው እጅ ይቀራል። ሦስቱም በተቋራጩ ስምና ኢሜይል ተመዝግበው ዲዛይነሩ በአስተዳዳሪነት ብቻ ሊገባ ይችላል፤ ይህም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይሰፍራል።